ሊንክድኢን፣ ቴሌግራም ወይስ ፌስቡክ? ለድሬዳዋና ለሐረር አዲስ ተመራቂዎች የንጽጽር መመሪያ

ከምረቃ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኛው ተመራቂ የሚያደርገው አንድ ነው። ሊንክድኢን ላይ ፎቶ የሌለው ገጽ ይከፍታል፣ ቴሌግራም ላይ ያገኘውን የሥራ ቻናል ሁሉ ይቀላቀላል፣ ፌስቡክ ላይ «ሥራ ያለው ሰው ያሳውቀኝ» ብሎ ይለጥፋል። ከዚያ ይጠብቃል። መጠበቁ የሚረዝመው ማኅበራዊ ሚዲያው ስለማይሠራ አይደለም። እያንዳንዱ መድረክ የሚሠራው ሥራ የተለያየ ሆኖ ሳለ ከሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ስለሚጠበቅ ነው። የእኛ ምክር አንዱን ዋና፣ አንዱን ረዳት አድርጎ መያዝ ነው፤ የትኛው ዋና እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ሊቀጥራችሁ የሚችለው ሰው የሚውልበት ቦታ ነው።

ቀጣሪው የት ነው ያለው?

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራው በአንድ በር አይገባም። በነሐሴ 2014 ሥራ የጀመረው የነፃ ንግድ ቀጠና፣ የመልካ ጀብዱው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በ2010 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ሐረር ላይ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ በሄኒከን ሥር ያለው ቢራ ፋብሪካ፣ ድሬን መነሻ አድርገው ወደ ሶማሌ ክልልና ወደ ሐረርጌ የሚዘልቁ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አሉ። እነዚህ ሪፖርታቸውን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ፣ የሰው ኃይል ክፍላቸውም ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ጋር የሚሠራ ናቸው። እዚህ ለመግባት የምትፈልጉ ከሆነ ዋናው መድረካችሁ ሊንክድኢን ነው።

የከተማ አስተዳደሩ ቢሮዎች፣ ድል ጮራና ሕይወት ፋናን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በሕግና በደንብ ነው የሚቀጥሩት፤ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ምዝገባ ይደረጋል፣ ፈተና ይሰጣል። ቴሌግራም ላይ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፎቶ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቴሌግራም ዋና፣ የመሥሪያ ቤቶቹ የፌስቡክ ገጾች ረዳት ይሁኑ። ሊንክድኢን ላይ የምታጠፉት ሰዓት እዚህ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ከዚራና ሳቢያን ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ ሥራ ተቋራጮች፣ አስመጪዎችና የመጋላ ነጋዴዎች ደግሞ ማስታወቂያ ሳያወጡም ሰው ይቀጥራሉ። ባለቤቱ የሚያምነውን ሰው «የምታውቀው ልጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነገሩ ያልቃል። እነሱ ዘንድ የሚደርሰው ስልክ፣ ቴሌግራምና በአካል መሄድ ነው። ከጅቡቲ ጋር በሚሠሩት ዘንድ ዋትስአፕም አለ፤ ስለዚህ ቁጥራችሁ ዋትስአፕ ላይ ቢኖር ጥሩ ነው። የባንክ ሥራ ፈላጊዎች ብዙ አያስቡ፤ ጥሪው የሚወጣው ከዋና መሥሪያ ቤት ስለሆነ የባንኮቹን የራሳቸውን ቻናልና ድረ ገጽ መከታተል ይበቃል።

ሊንክድኢን፦ ሰው ለማግኘት

ብዙዎች ሊንክድኢንን የሥራ ማስታወቂያ መፈለጊያ ያደርጉታል። ድሬዳዋን ቦታ አድርጋችሁ ብትፈልጉ የሚወጣው ዝርዝር አጭር ስለሆነ ቶሎ ተስፋ ያስቆርጣል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከእናንተ በፊት ከእናንተው ትምህርት ክፍል የወጡ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ ያሳያል።

አሠራሩ ይህ ነው። በተቻለ መጠን በኮምፒውተር ግቡ። የዩኒቨርሲቲያችሁን ገጽ ክፈቱና የቀድሞ ተማሪዎች የሚለውን ክፍል ንኩ። እዚያ በሚኖሩበት ቦታ፣ በሚሠሩበት ድርጅትና በሙያ መለየት ይቻላል። ቦታውን ድሬዳዋ፣ ከዚያ ጅግጅጋ፣ ከዚያ አዲስ አበባ እያደረጋችሁ የሙያ ዘርፋችሁን ምረጡ። ከሐሮማያ የተመረቃችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ዓለማያ ይባል ስለነበር አንጋፋዎቹ፣ ማለትም ዛሬ ኃላፊ የሆኑት፣ በድሮው ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ሁለቱንም ፈልጉ። የከተማችን ስምም በላቲን ፊደል አንዳንዱ አያይዞ፣ አንዳንዱ ለያይቶ ይጽፈዋል።

ከዚህ ፍለጋ 15 ሰው ምረጡ፤ 100 አያስፈልግም። አምስቱ ከእናንተ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድመው የወጡ ይሁኑ። ለአዲስ ተመራቂ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ የሚጠቅመው ትናንት በዚያው በር የገባው ሰው ነው፤ ፈተናው ምን እንደሚመስል ያስታውሳል፣ መልስም ይሰጣል።

ጥያቄ ከመላካችሁ በፊት ግን ገጹን አስተካክሉ፤ ሰውየው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እዚህ ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሰኔ 2017 የተመረቀ ልጅ ገጹ ላይ 2017 ብሎ ከጻፈ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የሚያነብ ቀጣሪ ከተመረቀ ስምንት ዓመት እንደሆነውና ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ እንዳልነበረው ነው የሚረዳው። ለአዲስ ተመራቂ ከተያዘ ቦታም ይሰርዘዋል። ትክክለኛው 2025 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ደምሩ። ሲቪያችሁም ላይ፣ ገጹም ላይ ያው ይሁን።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መልክ ሊጻፍ ይችላል። ቴምፖው (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃው) ላይ፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ፣ ሊንክድኢን ላይ የተለያየ ከሆነ ማስረጃ ሲመሳከር ጣጣ ያመጣል። ቴምፖው ላይ ያለውን አጻጻፍ እንደወረደ ውሰዱ፤ የራስ ስም በመጀመሪያው ሳጥን፣ የአባት ስም በሁለተኛው። የቅጽል ስም ቦታ እዚህ አይደለም።

ሦስተኛው ከስም ሥር ያለው መስመር ነው። እስከ 220 ፊደል ይይዛል፣ በየፍለጋው የሚታየውም እሱ ነው። ብዙው ተመራቂ «ሥራ ፈላጊ» ወይም «የ… ዩኒቨርሲቲ ተማሪ» ብሎ ያባክነዋል። ሥራ ፈላጊ ብሎ የሚፈልግ ቀጣሪ የለም፤ የሚፈለገው ሙያ ነው። በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦ «የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመራቂ፤ የፋብሪካ ሞተርና የመቆጣጠሪያ ፓኔል ጥገና፤ ድሬዳዋ፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ»።

ስለ ቋንቋ ካነሳን አይቀር፣ የዚህ አካባቢ ልጅ የሚረሳው ትልቁ ሀብቱ ይህ ነው። ድሬ ተወልዶ ሦስት ቋንቋ መናገር ለእኛ ተራ ነገር ስለሆነ ሲቪ ላይ «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብቻ ተጽፎ ይታያል። ሺኒሌ ወይም ጅግጅጋ መስክ የሚወጣ ድርጅት ሶማሊኛና አፋን ኦሮሞ የሚችል ባለሙያ ሲያገኝ ትልቅ ነገር ነው። ከጅቡቲ ጋር ለሚሠራ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ ዋጋ አላት። ሊንክድኢን የቋንቋ ችሎታን በአምስት ደረጃ ያስመድባል፤ በሐቀኝነት መድቡ፣ ቃለ መጠይቁ በዚያው ቋንቋ ሊሆን ይችላል።

የኢሜይል ነገርም አለ። መለያውን ዩኒቨርሲቲው በሰጣችሁ ኢሜይል አትክፈቱ፤ ያ ኢሜይል ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ይችላል፣ የይለፍ ቃል የጠፋባችሁ ቀን ገጹም አብሮ ይሄዳል። የሚከፈልበትን የሊንክድኢን አገልግሎት ደግሞ ለጊዜው ተዉት። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለጀማሪ የሚጨምረው ነገር ያን ያህል አይደለም።

መልእክቱ

ነፃው መለያ ከትስስር ጥያቄ ጋር ማስታወሻ መጻፍ የሚፈቅደው በወር ለጥቂት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ማስታወሻዋን ለመረጣችኋቸው ሰዎች አስቀምጡ። ለማያውቁት ሰው የሚላከው በጣም የተለመደው መልእክት ይህ ነው፦ «ሰላም፣ ሥራ ካለ ብታሳውቀኝ፣ ሲቪዬ ይኸው።» መልስ የማይመጣው ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሥራ የመስጠት ሥልጣን የለውም፣ «የለም» ማለትም ይከብደዋል፤ ዝም ይላል።

ከዚህ ይልቅ በአንድ ደቂቃ ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄ ይኑር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ድሬዳዋ ነው ያለሁት። እርስዎ ባቡሩ ላይ በጥገና ሥራ እንደሚሠሩ አየሁ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ ጀማሪ ሲፈተን በአብዛኛው የሚጠየቀው ስለ ትራንስፎርመር ነው ወይስ ስለ መቆጣጠሪያ ሲስተም? የቱን ላስቀድም? አመሰግናለሁ።»

ይህ መልእክት ሥራ አይለምንም፤ ሰውየው የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው። በሚመልስላችሁ ጊዜ ያነበባችሁትን ከሳምንት በኋላ ንገሩት። ማስታወቂያ በወጣ ቀን «አንድ ልጅ ነበር» ብሎ የሚያስታውሳችሁ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ሰዎች «ሥራ በሰው ነው» ሲሉ ዘመድ ማለታቸው ብቻ አይደለም፤ ችሎታችሁን አይቶ የሚመሰክር ሰውም ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ከዜሮ ማፍራት ይቻላል።

የድሬ ልጅ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። እኛ ዘንድ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ፍቅር ነው፤ ማንም አይቀየምም። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ የማታውቁት ኃላፊ ግን በጽሑፍ አንተ ብሎ መጀመር ድፍረት ሆኖ ይነበባል። እርስዎ በሉ፤ እሱ ራሱ «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ትቀይራላችሁ። ሰዓቱም ጠዋት ከ3 እስከ 5 ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ይተኛል፤ ያን ጊዜ የደረሰ መልእክት ማታ ከሌላው ጋር ተቀብሮ ይቀራል። መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። ሦስተኛ አይጨመርም።

ቴሌግራም፦ ማስታወቂያና የባቹ ግሩፕ

ቴሌግራም ብዙ ዳታ አይበላም፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፣ ማስታወቂያም ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው። ቻናል አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት ስለሆነ 40 ቻናል ውስጥ መግባት ትስስር አይባልም። ስድስት ወይም ሰባት በቂ ነው፦ ሁለት አጠቃላይ የሥራ ቻናል፣ ሁለት የሙያችሁ፣ የተቀሩት የምትፈልጓቸው መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው። በአንድ ፎልደር ሰብስባችሁ «ሥራ» ብላችሁ ሰይሙ፣ ድምፁን ዝጉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ግቡ። ስትፈልጉ «ድሬዳዋ»፣ «ድሬ ዳዋ»፣ «ድሬደዋ» ብላችሁ ሦስቱንም ሞክሩ፤ ማስታወቂያ ጸሐፊው ሁሉ በአንድ መልክ አይጽፍም። «0 ዓመት» የሚለውንም ፈልጉ፣ ለአዲስ ተመራቂ የሚወጣው በዚያ ቃል ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ የመዝጊያ ቀን ነው። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚል ጽሑፍ ከቻናል ወደ ቻናል ሲተላለፍ ቀኑን ይዞ አይዞርም። እናንተ ዘንድ ሐሙስ የደረሰው ያለፈው ሰኞ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከላይ ከየት እንደተላለፈ የሚያሳየውን ስም ስትነኩ ወደ መጀመሪያው ቻናል ይወስዳችኋል፤ ቀኑን እዚያ ታያላችሁ። ፎቶ ብቻ ከሆነ ማኅተሙ አጠገብ ያለውን ቀንና የደብዳቤ ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ወደ ራሳችሁ የተቀመጡ መልእክቶች ስትልኩት የመላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ብትቆዩ አስታዋሽ የሚል ይመጣል፤ ከመዝጊያው ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ሙሉት።

ከቻናሉ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሁላችሁም ያላችሁና ሁላችሁም የምትዘነጉት ነው፦ የባቹ ግሩፕ። ከምረቃ በኋላ ወራት ሳይቆይ የፎቶና የእንኳን አደረሳችሁ ግሩፕ ይሆናል። አንድ ሰው ተነስቶ ማን የት እንደገባ የሚያሳይ ዝርዝር ቢያዘጋጅና ከላይ ቢሰካው፣ በየወሩ መጀመሪያም ቢያድሰው፣ ከየትኛውም የሥራ ቻናል የተሻለ መረጃ ይሆናል። ዝርዝሩ ስም፣ ድርጅት፣ ከተማና ሙያ ብቻ ይያዝ። ደመወዝና ስልክ አይጻፍ። የገባው ልጅ ውስጥ ለውስጥ የሚወጣ ቦታ ሲኖር ቀድሞ ይሰማል፤ ፈተናው ምን እንደሚመስልም ይናገራል። ይህን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ሰው እናንተ ብትሆኑ ሁሉም ስማችሁን ያውቀዋል።

መለያችሁንም አስተካክሉ። ስማችሁ በትክክል ይጻፍ። ከሥሩ ያለችው መግለጫ 70 ፊደል ብቻ ስለምትይዝ ሙያና ከተማ ይበቃታል። በግላዊነት ማስተካከያው ስልክ ቁጥራችሁን ለማንም እንዳይታይ አድርጉ፤ ሰው በተጠቃሚ ስም ያገኛችኋል። በተለይ ሴት ተመራቂዎች ትልልቅ ግሩፕ ውስጥ ጥያቄ በጻፉ ቁጥር በውስጥ መስመር የማይገባ መልእክት ስለሚጎርፍባቸው ይህን ቀድመው ያድርጉ። ሲቪን ግሩፕ ላይ መለጠፍ ደግሞ ለማንም አንመክርም፤ የልደት ቀን፣ ስልክና አድራሻ ለማታውቁት ሕዝብ መበተን ነው።

ፌስቡክ፦ የሚያውቋችሁ ሰዎች ያሉበት

ፌስቡክ ላይ የቀድሞ መምህሮቻችሁ፣ የቤተሰብ ወዳጆች፣ የሠፈር ትልልቅ ሰዎች፣ ውጭ ያሉ ዘመዶች አሉ። ቀጣሪ ለመፈለግ ደካማ ነው፤ ለማታውቁት ሰው የላካችሁት መልእክት የጥያቄዎች ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ይቀራል። ነገር ግን ለግሉ ዘርፍ፣ ለመጋላና ለከዚራ ቀጣሪ፣ «ያቺ የእገሌ ልጅ ተመርቃ ሒሳብ ትሠራለች» የሚለው ወሬ የሚዞረው እዚያ ነው። በወር አንድ ጊዜ ስለ ሙያችሁ አንድ ነገር ጻፉ፦ ለአንድ ሱቅ የሠራችሁትን የዕቃ ምዝገባ፣ ያስጠናችኋቸውን ተማሪዎች፣ የጠገናችሁትን ነገር በፎቶ። ልመና ሳይሆን ሥራ ይታይ።

አደጋው የድሮ ጽሑፋችሁ ነው። በብሔር፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ ንትርክ የጻፋችሁት አስተያየት ከአራት ዓመት በኋላም ስማችሁ ሲፈለግ ይወጣል፤ ሁሉ ተቀላቅሎ በሚሠራበት በእኛ ከተማ ደግሞ ይህን የሚያይ ቀጣሪ ቢሸሽ አይፈረድበትም። በማስተካከያው ውስጥ ያለፉ ጽሑፎችን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለጓደኛ ብቻ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ሥራ መፈለግ ሳትጀምሩ እሱን ተጫኑ።

ቲክቶክ ሙያቸው በዓይን ለሚታይ ሰዎች፣ ለግራፊክስ፣ ለሥነ ሕንፃ፣ ለምግብ ዝግጅት፣ ጥሩ ነው። ለሌላው ጊዜ ይበላል።

የትም ብትሆኑ

ቀጣሪ መሥሪያ ቤት የመመዝገቢያ ብር በቴሌብር አይሰበስብም። «ለፎርም 300 ብር»፣ «ለሕክምና ምርመራ አስቀድመህ ላክ»፣ «ለጅቡቲ ጉዞ ፕሮሰስ» የሚል ከመጣ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። የስልክ ኮድ የሚጠይቅም እንዲሁ፤ ቴሌግራም የሚልክላችሁ የመግቢያ ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ ለጓደኛም ቢሆን፣ ምክንያቱም የጓደኛችሁ መለያ ቀድሞ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብሩ። ቃለ መጠይቅ በቢሮ ነው፤ ሆቴል ወይም ሰው ቤት ከተባለ የድርጅቱን ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው ነበር። ትስስሩን በሙሉ አንድ መድረክ ላይ ያደረገ ሰው ያን ጊዜ ተቸግሯል። መልስ የሰጣችሁን ሰው ስልክና ኢሜይል ጠይቃችሁ ደብተር ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ከየት እንዳገኛችሁት፣ ምን እንዳላችሁ፣ መቼ እንደገና መጻፍ እንዳለባችሁ አጠገቡ አስፍሩ።

ጊዜውን እንዲህ ብትከፍሉት ይሠራል። ዋናችሁ ሊንክድኢን ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት ገጹን ብቻ ሥሩ፤ ከዚያ በሳምንት ሦስት መልእክት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ቴሌግራም። ዋናችሁ ቴሌግራም ከሆነ ጠዋትና ማታ ፎልደሩን አይታችሁ በሳምንት አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቶቹን ሰሌዳ በእግራችሁ ዙሩ፤ ፎቶ አንስተው የማይለጥፉም አሉና። ሁለት ወር ሠርታችሁ አንድም ሰው ካልመለሰ መድረኩን ከመቀየራችሁ በፊት መልእክቱን ቀይሩ። መልስ እየመጣ ቃለ መጠይቅ ካልመጣ ደግሞ ችግሩ ሲቪው ላይ ነው፤ ከመለሱላችሁ ሰዎች ለአንዱ ልካችሁ «ምን ይጎድለዋል?» ብላችሁ ጠይቁት።